ነባሩን የመኪና ማቆሚያ እንዴት እንደሚቆጥሩ፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የአረንጓዴ ህንጻ ምስክር ወረቀት ለሚፈልጉ

ግቢዎ ውስጥ ለዓመታት መኪና ሲቆምበት የኖረ ሜዳ ካለ፣ ለአረንጓዴ ህንጻ ምስክር ወረቀት ሲያመለክቱ ያ ሜዳ ይቆጠራል። አዲስ ስላልተሠራ፣ መስመር ስላልተሰመረበት ወይም ከቀድሞው ባለይዞታ አብሮ ስለመጣ ከቁጥር አይወጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኛ የጨመርነው ለሠላሳ መኪና የሚሆን ቦታ ብቻ ነው» ይባልና ሠላሳው ይጻፋል፤ ስልሳ መኪና የሚይዘው ነባር ሜዳ ግን በፕላኑ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ሰበብ ነጥቡ ሊከለከል፣ የተገኘውም በኋላ ሊነሳ ይችላል።

መመሪያውን የጻፍኩት በምዕራብ ጎጃም ለሚገነቡ ሰዎች ነው። በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሼድ የያዘ ወይም ፋብሪካ የሚተክል፣ በፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አስፋልት ዳር ሆቴል ወይም የንግድ ህንጻ የሚያቆም፣ የኮሌጅ ወይም የሆስፒታል ማስፋፊያ የሚያስጠና መሐንዲስ ሁሉ ይጠቀምበታል። ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ገዥው ወይም አበዳሪው አንድ ቀን «ህንጻችሁ የምስክር ወረቀት አለው ወይ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት ወጪ ይቀንሳል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። አንድ የቤት መኪና ከነመግቢያውና ከነመዞሪያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር መሬት ይይዛል። መቶ መኪና ማለት እንግዲህ ሩብ ሄክታር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ በጎጃም አለካክ አንድ ቃዳ። በቡሬና በጃቢ ጠህናን ዙሪያ አንድ ቃዳ መሬት በቆሎና በርበሬ የሚታፈስበት፣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ትልቁ ድርሻ የሚወጣበት ነው። ያለውን ሜዳ በትክክል የቆጠረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ነገር አዲስ ማቆሚያ እንደማያስፈልገው ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ምስክር ወረቀት እንደሚፈልጉ ይወስኑ

የመኪና ማቆሚያን ቁጥር የሚጠይቀው ሁሉም ምስክር ወረቀት አይደለም። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የሚያራምደው «ኤጅ» የሚባለው መለኪያ ህንጻው በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ውስጥ በታመቀ ካርቦን ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። ምን ያህል መኪና ያስቆማል ብሎ ነጥብ አይሰጥም። የሚፈልጉት ኤጅን ብቻ ከሆነ ሜትሩን አስቀምጠው ወደ መስኮትዎና ወደ ቧንቧዎ ይሂዱ።

ማቆሚያ የሚቆጠረው በ«ሊድ» ነው። ሊድ የአሜሪካ አረንጓዴ ህንጻ ምክር ቤት ያወጣው፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መለኪያ ሲሆን ከ110 ነጥብ 40 ያገኘ ይመሰከርለታል፤ 50 ብር፣ 60 ወርቅ፣ 80 ፕላቲነም ይባላል። እትሞቹ ይለያያሉና ፕሮጀክትዎ የተመዘገበበትን እትም አስቀድመው ይወቁ። አራተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፣ ከዚያ 4.1 ተከተለ፣ አምስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ይፋ ሆነ። ከዚህ በታች የምሄደው በዋናነት በአራተኛው እትም የአዲስ ግንባታና የትልቅ እድሳት ሕግ ነው። የአቆጣጠሩ መሠረት እዚያ ላይ በግልጽ ስለተጻፈ ለመማር ይመቻል።

ህንጻው ቀድሞ ተገንብቶ ሥራ ላይ ያለ ከሆነና የሚያመለክቱት ለአጠቃቀሙና ለአስተዳደሩ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ሠራተኛውና ተገልጋዩ በምን እንደሚመጣ የሚያሳይ የጉዞ ጥናት ነው። አብዛኛው ሰው በእግሩ ወይም በጋራ ትራንስፖርት በሚንቀሳቀስበት ከተማ ይህ ጥናት ጥሩ ነጥብ ያስገኛልና እንዳያልፍዎት።

ወሰኑን ያስምሩ

የፕሮጀክቱ ወሰን ማለት ህንጻው የቆመበት መሬት ብቻ አይደለም። ተያያዥ ሆኖ ለህንጻው የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያገለግለው መሬት ሁሉ ይገባበታል፤ በግንባታው የተነካው መሬት፣ የእግር መንገዱ፣ ማቆሚያው፣ የፍሳሽ ማጣሪያው፣ አትክልቱ። ነባሩን ማቆሚያ ለማውጣት ሲባል ወሰኑን በሜዳው ጠርዝ ላይ ማጠፍ አይቻልም። ደግሞም ቢያጥፉት ምንም አያተርፉበትም። ከወሰኑ ውጭ ያለ ማቆሚያም የህንጻው ተጠቃሚዎች ከቆሙበት፣ የእርስዎ ንብረት ወይም በእርስዎ ኪራይ የተያዘ ከሆነ ይቆጠራልና።

የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠውን የፕላን ስምምነትና የቦታውን ንድፍ አንድ ላይ ዘርግተው ያስተያዩ። በአሮጌ ይዞታዎች ላይ በወረቀቱና በአጥሩ መካከል ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። አጥሩ ወደ መንገዱ ወጥቶ ከሆነ ያ ቁራጭ የሕዝብ መንገድ ነው፤ የእርስዎ ማቆሚያ ተደርጎ ሊጻፍ አይችልም።

ሜዳውን በእግርዎ ይቁጠሩት

አስፋልት ለብሶ ነጭ መስመር የተሰመረበት ማቆሚያ በአካባቢያችን ጥቂት ነው። አብዛኛው ገረጋንቲ የተደፋበት፣ አለበለዚያ ኮብልስቶን የተነጠፈበት፣ ወይም ደረቅ መሬት ሆኖ ጎማ ያጠናው ሜዳ ነው። መስመር የሌለው ሜዳ ስንት መኪና እንደሚይዝ በዓይን ገምቶ መጻፍ ለገምጋሚ አይበቃም። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ።

አምሳ ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ የኖራ ዱቄትና ሲባጎ ይያዙ። ከእርስዎ ጋር ሁለት ሰው ይበቃል። ከግቢው በር ጀምረው መኪና የሚገባበትንና የሚወጣበትን መንገድ መጀመሪያ ያስምሩ፤ ለሁለት አቅጣጫ ስድስት ሜትር ስፋት ይተዉለት። ከዚያ በቀኝም በግራም 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር የሆኑ ሳጥኖችን በኖራ ይሳሉ። ዛፍ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የጄኔሬተር ቤት ያለበትን ይዝለሉ። የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ላይም ሳጥን አይሳሉ። ሲጨርሱ ሳጥኖቹን ከአንድ ጀምረው ቁጥር ይስጧቸው፣ ፎቶ ያንሱ፣ በንድፉ ላይ ያስፍሩ። ይህ የሜዳው አቅም ነው።

አቅሙን ከያዙ በኋላ አጠቃቀሙን ይመልከቱ። እዚህ ላይ ከመሐንዲሱ ይልቅ የግቢው ጥበቃ ያውቃል። ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፦ «ጋሼ፣ ማታ ማታ እዚህ የሚያድረው መኪና የማን ነው? በገበያ ቀንስ ከውጭ የሚገባ አለ?» ከእንዲህ ያለ ጨዋታ በኋላ ብዙ ነገር ይገለጣል። የጎረቤቱ እህል ነጋዴ አይሱዙውን ማታ እዚህ ያሳድር ይሆናል። የህንጻው ሠራተኞች ደግሞ ግቢው ሲሞላ አጥር ተሻግረው ባለው ባዶ ቦታ ያቆሙ ይሆናል። ያ ባዶ ቦታ በኪራይ ከተያዘ ወደ ቁጥሩ ይገባል፤ በንድፉ ላይ ግን የለም።

ቆጠራውን በክረምት ብቻ አያድርጉ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግማሹ ሜዳ ጭቃ ስለሚሆን ሹፌሮች ገረጋንቲ ያለበትን ጥግ ብቻ ይፈልጋሉ፤ ቁጥሩ ከእውነተኛው አቅም ያንሳል። በቆሎው ተሰብስቦ የሚጫንበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻላል። መንገድ በተዘጋበት ወይም ትራንስፖርት በቆመበት ሳምንት የተደረገ ቆጠራም ምንም አያሳይምና ይተዉት።

ቀድሞ ማቆሚያ የነበረ፣ አሁን ግን የተዘጋ መሬትም ያጋጥማል። ዛፍ ተተክሎበት፣ በድንጋይ ጠርዝ ተከልሎ መኪና በምንም መንገድ የማይደርስበት ከሆነ አይቆጠርም። ገመድ ብቻ ከተወጠረበት ግን ገመዱ ነገ ይፈታልና ተቆጣሪ አድርገው ይያዙት።

ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል

ከመንገድ ውጭ ያለ፣ የህንጻው ተጠቃሚ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ይገባል። አዲሱም ነባሩም፣ ሜዳ ላይ ያለውም ከህንጻው ሥር ያለውም፣ የራስዎም የተከራዩትም። ለአካል ጉዳተኞች የተለየው ቦታም በጠቅላላ ድምር ውስጥ አለ።

የመንገድ ዳር ማቆሚያ አይገባም። በፍኖተ ሰላም መሀል ከተማ በዋናው አስፋልት ጥግ የሚደረደረው ሚኒባስም ሆነ የደንበኛዎ መኪና የሕዝብ መንገድ ላይ ነው ያለው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ክፍያ የሚሰበስቡበት ቢሆንም፣ እርስዎ ደንበኞችዎን «እዚያ አቁሙ» ቢሉም፣ የእርስዎ አይደለም። የሞተር ብስክሌትና የብስክሌት ማቆሚያም ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው፤ ብስክሌት በራሱ ሌላ ነጥብ አለው።

የድርጅት መኪና ላይ ሕጉ በአጠቃቀም ይለያል። ለሥራ ብቻ የተመደበና ለሽያጭ የቀረበ ተሽከርካሪ የሚቆምበት ቦታ አይቆጠርም። በቡሬ የዘይት ወይም የዱቄት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ጭነት የሚጠብቀው ተሳቢ፣ ወፍጮው በር ላይ የሚራገፈው አይሱዙ፣ ትራክተር የሚሸጥ ድርጅት ለዕይታ የደረደራቸው ትራክተሮች ሁሉ ይወጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ቀን ለሥራ የሚጠቀምበትና ማታ ይዞት የሚገባው ፒካፕ ግን ሰውን ከቤት ወደ ሥራ ስለሚያመላልስ ይቆጠራል። ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስም በዚሁ ምክንያት ይካተት፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ማካተቱ ከጥያቄ ያድናል።

ባጃጅ ተሳፋሪ አውርዳ የምትሄድ ከሆነ ያ ቦታ ማውረጃ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በንድፉ ላይ «ማውረጃ» ብለው ይጻፉበት፣ ከሁለትና ከሦስት ባጃጅ በላይ የሚያቆይ ስፋትም አይስጡት። ጋሪ ነጥብ የሚያስገኝ ጉዳይ አይደለም። ሆኖም እህል በጋሪ በሚመጣበት ፋብሪካ ለፈረሱ ጥላና የውሃ ገንዳ ያለበት ጥግ ይመደብ፤ ካልተመደበ ጋሪዎቹ የሚቆሙት ሳጥን በሳሉበት ሜዳ ላይ ነውና ቆጠራው ይበላሻል፣ ፈረሱም ፀሐይ ላይ ይውላል።

የጋራ ማቆሚያ ካለ ድርሻዎን ያውጡ

የቡሬው ፓርክ አገሪቱ ለሙከራ ከመረጠቻቸው አራት የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። እንዲህ ባለ ፓርክ ውስጥ አንድ ሼድ የያዘ ድርጅት ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ማቆሚያ ሊጠቀም ይችላል። የሊድ ሕግ በዚህ ጊዜ የሚፈልገው የእርስዎን ድርሻ ነው። 80 መኪና የሚይዝ የጋራ ሜዳ ለሦስት ድርጅት የሚያገለግል ከሆነና በስምምነታችሁ ለእርስዎ 30 ከተመደበ፣ 30 ብለው ይጽፋሉ።

ድርሻው በቃል ከሆነ ወደ ወረቀት ያምጡት። ፓርኩን ከሚያስተዳድረው አካል ጋር በተፈረመው የኪራይ ውል ላይ ማቆሚያ ካልተጠቀሰ፣ ሦስቱ ድርጅቶች የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም ይረፍበት። ድርሻው ከየት እንደመጣም ይገለጽ፤ በሠራተኛ ብዛት ነው ወይስ በሼዱ ስፋት? የሠራተኛ ብዛት የተሻለ ይመስለኛል፤ ሰፊ መጋዘን ይዞ በጥቂት ሰው የሚሠራ ድርጅት አለና።

የጋራ ማቆሚያ ከሁሉም መፍትሔ የምወደው ነው። ለምሳሌ ፋብሪካ ቀን ይሠራል፣ የስብሰባ አዳራሽ በእረፍት ቀን ይሞላል፣ ከገበሬው ምርት የሚሰበስብ የገጠር ሽግግር ማዕከል ደግሞ የሚጨናነቀው በመኸር ነው። ሦስቱም ለየራሳቸው ሜዳ ከሚያስጠርጉ አንዱን ተራ በተራ ቢጠቀሙበት ሁለት ቃዳ መሬት ለእርሻ ይተርፋል።

መነሻውን ቁጥር ያውጡ፣ ከዚያ ያስተያዩ

አሁን ያለዎት ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም፤ የሚነጻጸርበት መነሻ ያስፈልገዋል። በአራተኛው እትም ሁለት መለኪያ አለ።

አንደኛው የአካባቢው ሕግ ነው። ማቆሚያዎ የከተማው ደንብ ከሚያዝዘው ዝቅተኛ ቁጥር መብለጥ የለበትም። በአገራችን የህንጻ ሥራ የሚመራው በህንጻ አዋጁና እሱን ተከትለው በሚወጡ ሕጎች ሲሆን፣ በከተማ ደረጃ የሚጠይቁት የህንጻ ሹሙን ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ ጥያቄዎን በደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፣ መልሱንም በደብዳቤ ይቀበሉ። «ለዚህ ዓይነት ህንጻ፣ በዚህ ስፋት፣ የሚጠየቀው ዝቅተኛ የማቆሚያ ቁጥር ስንት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል። በቃል የተነገረ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም ባሳተመው የትራንስፖርት ዕቅድ መጽሐፍ ሦስተኛ እትም ላይ ያሉት ሰንጠረዦች ናቸው፤ ከ18-2 እስከ 18-4 ያሉት። እያንዳንዱ የህንጻ አገልግሎት በስፋቱ ልክ ስንት ማቆሚያ እንደሚፈልግ ይነግሩዎታል። ስፋቱ በካሬ ጫማ ስለሆነ አንድ ሺህ ካሬ ጫማ 93 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑን ይያዙ። ህንጻው ምድር ላይ ሱቅ፣ ከላይ ቢሮና መኝታ ያለው ከሆነ የየአገልግሎቱን ቁጥር ለየብቻ አውጥተው ይደምሩ፤ ቅነሳው የሚሰላው ከድምሩ ነው።

ከዚህ መነሻ ላይ 20 በመቶ መቀነስ አለብዎት። ህንጻው ጥቅጥቅ ባለ ወይም ብዙ አገልግሎት በቅርብ ባለበት ሰፈር ነጥብ ካገኘ ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ነጥብ ካገኘ ግን ቅነሳው 40 በመቶ ይሆናል። በ4.1 እትም ወደ 30 በመቶ ተለውጧል።

ይህ 40 በመቶ የፍኖተ ሰላም መሀል ከተማን ባለህንጻ ይመለከተዋል። ከህንጻው ዋና በር ተነስተው 800 ሜትር በእግር ይሂዱ። ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጤና ተቋም፣ የመንግሥት ቢሮ ያገኛሉ። ከአራት እስከ ሰባት አገልግሎት አንድ ነጥብ፣ ስምንትና ከዚያ በላይ ሁለት ነጥብ ያሰጣል፤ ከአንድ ዓይነት ግን ከሁለት በላይ አይቆጠርም። ነጥቡ ደስ ይላል፤ ግን ነጥቡን ሲወስዱ ማቆሚያውን በእጥፍ የመቀነስ ግዴታም አብሮ ይመጣል። ለከተማው ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ ሁሉ ነገር በእግር በሚደረስበት ቦታ ሰፊ የመኪና ሜዳ ሱቅና ቤት ሊሠራበት የሚገባውን መሬት ይነጥቃል። ከከተማ ወጣ ብሎ የተተከለ ፋብሪካ በአብዛኛው 20 በመቶው ላይ ይቀራል።

በአንድ ምሳሌ እንየው

ቡሬ አካባቢ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ነባር ግቢ ገዝቶ እየሰፋ ነው እንበል። በሰንጠረዡ መሠረት መነሻው 120 ወጣ። የከተማው ደንብ የሚያዝዘው ዝቅተኛ ቁጥር ደግሞ 100 ነው እንበል። በግቢው በኖራ የተቆጠረ 60 ነባር ቦታ አለ። አዲሱ ንድፍ 30 ይጨምራል። አጥር ተሻግሮ ከጎረቤት የተከራየው 10 ይይዛል። በር ላይ ባለው የሕዝብ መንገድ 15 መኪና ይቆማል፣ ጭነት የሚጠብቁ 12 ከባድ መኪኖችም አሉ።

የመንገዱ 15 ይወጣል፤ የከባድ መኪኖቹ 12 ይወጣል። የሚቆጠረው 60 እና 30 እና 10፣ በድምሩ 100 ነው። ይህ ከደንቡ አይበልጥም። ከ120 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ ግን የሚፈቀደው 96 ነው። ፕሮጀክቱ ከሚፈቀደው በ4 በለጠ። ነባሩን 60 የዘነጋ ሰው ግን 40 ብሎ ጽፎ በሰፊው ያለፈ ይመስለው ነበር።

ህንጻ ሹሙ ደንቡ ከሚያዝዘው 100 በታች መውረድን ከፈቀደ መፍትሔው ቀላል ነው። የጎረቤቱን ኪራይ ቢያቋርጥ 90 ይሆናል፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ነጥቡ ይገኛል። ኪራዩን ማቆየት ከፈለገ ከአዲሱ ንድፍ ቢያንስ አራት ይሰርዝ። ከሁለቱም የሚሻለውና እኔ የምመክረው ግን ሌላ ነው፦ ከአዲሶቹ 30 ስንቱ በእውነት እንደሚያስፈልግ የአጠቃቀም ቆጠራውን አይቶ መወሰን። በመኸሩ ጫፍ እንኳ ከነባሩ 60 አሥራ አምስቱ ባዶ ከዋለ፣ አዲሱን ሜዳ ለመጥረግ ዶዘር የሚጠራበት ምክንያት የለም።

ከቀሪው ላይ ቅድሚያ ያላቸውን ይለዩ

ከቅነሳ በኋላ ከቀረው ጠቅላላ ቁጥር 5 በመቶው ተጋርተው በአንድ መኪና ለሚመጡ ሰዎች ይመደባል። ለአነስተኛ ብክለት መኪኖች የሚሰጠውን ነጥብም ከፈለጉ ሌላ 5 በመቶ ለእነሱ፣ ከዚያ በተጨማሪ 2 በመቶው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ይተከላል። በምሳሌያችን 90 ከቀረ 5 በመቶው 4.5 ነው፣ ወደ 5 ከፍ ይላል። ለተጋሪዎች 5፣ ለአነስተኛ ብክለት መኪኖች 5፣ መሙያው 1.8 ስለሆነ 2። ክፍልፋይ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጠጋጋል። አንዱን ቦታ ለሁለት ዓላማ አይቁጠሩት።

ቅድሚያ ማለት ለዋናው በር የሚቀርበው ቦታ ነው፤ ከአካል ጉዳተኞች ቦታ ቀጥሎ። ይህ በአገራችን አንድ ችግር አለው፤ ለበሩ የሚቀርበው ጥላ ያለበት ቦታ የኃላፊዎች ነው። ነጥቡን የሚፈልግ ኃላፊ መኪናውን ራቅ አድርጎ ማቆም ይልመድ፤ ካልሆነ የተሰቀለው ምልክት ለፎቶ ብቻ ይሆናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ የመሙያው ጉዳይ ከነጥብም በላይ ነው። የሚጠየቀው ደረጃ ሁለት መሙያ በ208 እና በ240 ቮልት መካከል የሚሠራ ስለሆነ የእኛ 220 ቮልት ይመጥነዋል። አንዱ መሙያ በ32 አምፔር 7 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለቱ 14። ትራንስፎርመሩ ይችል እንደሆነ ገመድ ከመቅበርዎ በፊት የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ይጠይቁ።

ሜዳው የተሠራበት ነገርም በሌሎች ነጥቦች ውስጥ ይገባል። ከማቆሚያዎቹ 75 በመቶው በጣሪያ ሥር ከሆነና ጣሪያው ሙቀት የሚመልስ ወይም የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የተገጠመበት ከሆነ ለብቻው አንድ ነጥብ አለው። ጣሪያው ውድ ከሆነ ዋንዛና ብሳና ይትከሉ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚሰጡት ጥላ በስሌት ይገባል። ባሕር ዛፍ ጥላው ስስ ነው፣ ውሃውንም ይጠጣልና ይቅርብዎት።

ማህደሩን ያዘጋጁ፣ ግንባታው እስኪያልቅም ይጠብቁት

በማህደሩ ውስጥ ቁጥር የተሰጠው ንድፍ፣ የሳጥኖቹ ፎቶ፣ የህንጻ ሹሙ ደብዳቤ፣ የኪራይና የጋራ አጠቃቀም ስምምነቶች፣ የመነሻው ስሌት ይኑሩ። የሚገመገመው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደብዳቤዎቹን ያስተርጉሙ። ሁለት ነገር በተለይ ግልጽ ያድርጉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን። ቆጠራው «ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተርጓሚው ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይሮ ሰዓቱን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ያን ጊዜ ገምጋሚው ቆጠራው በሌሊት የተደረገ ይመስለዋል፣ የሜዳው ፎቶ ደግሞ ፀሐይ ያሳየዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ።

ይህ ነጥብ የሚገመገመው በዲዛይን ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ግንባታው እስኪያልቅ ሊለወጥ ይችላል። የሚለውጠውም ብዙ ጊዜ የሥራ ተቋራጩ ካምፕ ነው። ተቋራጩ ብረትና ሲሚንቶ የሚያስቀምጥበት፣ ማሽን የሚያቆምበት ገረጋንቲ የፈሰሰበት ጥግ ሥራው አልቆ ሲወጣ እንደተጠረገ ይቀራል፣ በማግስቱ መኪና ይቆምበታል። ስለዚህ በተቋራጩ ውል ላይ ሦስት ነገር ይግባ። ከካምፑ ቦታ የሚገፈፈው የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተከምሮ በሣር ይሸፈን። ሲወጣ ገረጋንቲው ተጭኖ ይነሳ፣ መሬቱ ታርሶ አፈሩ ይመለስበት። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ከጥበቃው ጋር ሜዳውን ዞሮ ሳጥኖቹን እንደገና ይቁጠርና ቁጥሩ ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን ይፈርምበት።